የማይጎድለው ብርጭቆ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፦ እኔ አባትህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ምላሴም እንዳሉ ናቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እህትህ ትጽፋለች።

እህትህ እንደኔ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሚሆን ነገር ፈጥራለች። ስልኬን ስከፍት የእያንዳንዳችን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ሥዕል ይታየኛል፤ ከቤተሰቡ የጋራ የስልክ ሒሳብ ባወራን ቁጥር ውሃው ይጎድላል። የእኔማ ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ ወሬ እወዳለሁ፣ ማን ከልክሎኝ! የእናትህ ግማሽ ደርሷል። ያንተ ግን ከክረምት ወዲህ ጢም እንዳለ ነው።

አሁን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ልታወጣበት ነው። “በትክክል ይሠራል” ብዬ በምስክርነት አውራ ጣቴን እንዳሳርፍ ትለምነኛለች። አላደርገውም!

“አባዬ፣ መሐንዲሶች መርምረውታል እኮ፤ አይሳሳትም” አለችኝ።

“መሐንዲሶችሽ ልጄን ያውቁታል? አፉን ዘግቶ የማያድር ለፍላፊ ነው! ውሸታሙ ማሽንሽ ነው” አልኳት።

ስደውልልህ “ዝግ ነው” የምትለዋን ሴትዮም ልክ ልኳን ነግሬያታለሁ።

ይኸው እህትህ መጻፍ አቁማ ዓይኗን ትጠራርጋለች። ጻፊ ብያለሁ!

ስማ፣ እኔን ለማነጋገር ብለህ አትድከም፤ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ለፈለግኸው ደውል፤ ካሻህ ለሰፈሩ ባለሱቅ ደውለህ ስደበው። ብቻ ከብርጭቆህ ትንሽ ይጉደል። ያን ጊዜ ተሸነፍኩ ብዬ ለእህትህ ጣቴን ትቼ ሙሉ እጄን አሳርፍላታለሁ።

እናትህ ጉንጭህን ትስማለች። ደህና ሁን፤ ይህን የምልህ ለወጉ አይደለም፣ የአባት ትእዛዝ ነው።