ክኒኑና የአክስቴ ጠርሙስ

ጥር 9 ቀን 2006፣ ቡታጅራ
ክኒኑን ከቁርስ በኋላ ዋጥኩ። የአንጀት ካንሰሩ ሳንባዬ ከደረሰ ወዲህ የተለመዱት መድኃኒቶች አልያዙልኝም። ይሄኛው ገና በጥናት ላይ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወድጄ ገባሁበት። የምግብ ፍላጎቴ ተመልሷል... ጥሩ ምልክት ይመስለኛል።

ከጁምዓ በኋላ ጠያቂ በዛ። አክስቴ ሽፋ ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ መጣች። በጠርሙስ፣ ተቀቅሎ የተጠለለ ሥር።
“ቢስሚላሂ በልና ጠጣ።”
የቀዳችልኝን እስክጨርስ ከፊቴ አልሄደችም። እኛ ዘንድ ጠያቂ ያመጣው መድኃኒት አይመለስም፤ ዓይኑ እያየ ይጠጣል። ባለቤቴ ፈትሂያ በዓይኗ ከለከለችኝ። ጠጣሁ። መራራ።

ጥር 17
አክስቴ በየጠዋቱ ትደውላለች። “ጠጣህ?” ልዋሻት አልፈልግም። እጠጣለሁ።

ጥር 26፣ አዲስ አበባ
የደም ውጤት መጥፎ። ጉበቴ ተጎድቷል። ዶክተር ናዝሬት ወረቀቱን ደጋግማ አየች።
“ጋሽ ሳላሀዲን፣ ከክኒኑ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?”
“የለም።”
ለምን አልኩ? የአክስቴ ስም እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲነሳ አልወደድኩም። ክኒኑ ለጊዜው ቆመ። ጉበቱ ካልተመለሰ ከጥናቱ እወጣለሁ። ከዚህ ወዲያ ሌላ መድኃኒት የለኝም።

ጥር 27
ፈትሂያ፦ “ጋዜጣ ላይ ስትሠራ ሰው ሲዋሽህ ታውቅ ነበር። አንተ ስትዋሽስ ማን ይወቅ?”
የኔ መውጣት አንድ ነገር ነው። ግን ጥፋቱ በክኒኑ ላይ ይመዘገባል። ከኔ በኋላ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛስ?... በሥራ ዘመኔ ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ እርምቱ ይወጣ ነበር። አሁንም ያው ነው።

ጥር 28
ደወልኩ። “ዶክተር፣ እርምት አለኝ።”
ሁሉንም ነገርኳት።
“ጠርሙሱን ይዘውልኝ ይምጡ። በመንገድ እንዳይጎነጩት ብቻ።”

የካቲት 1፣ ቆሼ
አክስቴ ዘንድ ራሴ ሄድኩ። በስልክ የሚነገር አይደለም። የጉበቴን ነገር ነገርኳት።
“መርዝ አጠጣሽኝ ልትለኝ ነው የመጣኸው?”
“አይደለም አክስቴ። አንድ መኪና ሁለት ሹፌር አይነዳውም። ቢገለበጥ የማን ጥፋት እንደሆነ አይታወቅም።”
አሰበችበት።
“ያንተ ሹፌርስ መንጃ ፈቃድ አለው?”
“የለውም። አሁን እኮ ነው እየፈተኑት ያሉት።”
“በአንተ ላይ?”
“በኔ ላይ።”
“አይ ልጄ... ደፋር ነህ።” ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ተቀይማ ይሆን?

የካቲት 14
ጉበቴ እየተመለሰ ነው። ክኒኑን ደግሜ ጀመርኩ። እርምቱም በፋይሌ ገብቷል፤ የአክስቴ ጠርሙስም ናሙና ተወስዶለት ተመልሶልኛል።

መጋቢት 26፣ ቡታጅራ
ትናንት ሳንባዬ በራጅ ታየ። እብጠቱ በጥቂቱ አንሷል። “ጥቂት” የሚለውን ቃል አላሳድገውም... ግን አንሷል።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ጠያቂ መጣ። ዘመዳችን ሰይዶ ከጉንችሬ፣ ብብቱ ሥር ማርና ጥቁር አዝሙድ የያዘ ብልቃጥ ሸጉጦ። እኔ ገና ምን ብዬ እንደምመልሰው ሳስብ፣ ከትናንት ጀምሮ እኛ ዘንድ ያለችው አክስቴ ከበሩ ላይ ተቀበለችው።
“አላህ ይስጥህ ሰይዶ። እዚያ መደርደሪያ ላይ፣ ከኔ ጠርሙስ አጠገብ አስቀምጠው።”
“አይጠጣም እንዴ?”
“ሹፌሩ ፈተና ላይ ነው። እስኪያልፍ መሪ አንነካበትም።”