ጅረቱን አትሻገሩ

ውድ እትዬ አሰፋሽ፣

ድሮ ደብዳቤ ስጽፍልዎ በቡራኬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ልለፈው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ፤ ስነግርዎም ደስ አይልዎትም።

ይህን የሚያነብልዎ ኑሩ ነው፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በስልኩ ልኬለታለሁ። ፊደሉንስ ሙላቴም ያውቃል፤ ግን ልጅዎ ይህን ነገር ከወረቀት እንዲሰማው አልፈልግም። ከእኔው አፍ ይሰማዋል። ኑሩ ድንች ሲገዛ ሚዛን ላይ ይጨቃጨቃል እንጂ የሰው ምሥጢር አያወጣም። ኑሩ፣ እዚህ ጋ ቆመህ አትሳቅ፤ ቀጥል።

ትናንት ጠዋት ስብሰባ ልገባ ደረጃው ላይ ሳለሁ ደወለልኝ። እሱ እስካሁን «ቀሲስ» ነው የሚለኝ። አዲስ አበባ ላይ «ክቡር» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ቢደመሩ የእሱን «ቀሲስ» አያክሉም።

«ቀሲስ፣ ትዝታ ታማለች» አለኝ። «ከወለደች ወዲህ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ጤና ጣቢያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ትሂድ ብሏል። እሷ ግን እናቴ ካልመጣች ከዚህ አልጋ አልነሳም ብላ ሙጭጭ ብላለች። ባሏ ዳኛቸው ቢለምናት፣ ጎረቤት ቢለምናት፣ እምቢ!»

«እናቷስ?» አልኩት፣ እርስዎን ማለቴ ነው።

«እሳቸውማ ጅረቱ ዳር ተቀምጠዋል። ቤት ግቡ ቢባሉ አይሰሙም።»

«ታዲያ ለምን አይሻገሩም?»

እግዜር ያሳይዎ፣ ይህን ጠየቅሁ! ኑሩ «እርስዎ አይደሉ እንዴ የገዘቱት?» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ስብሰባ ገባሁ። ስለ ምን እንደተሰበሰብን ቢጠይቁኝ አላውቅም።

እትዬ አሰፋሽ፣ የሆነውን ያውቁታል። የማያውቁትን ለመንገር ግን ከሚያውቁት መነሳት አለብኝ።

የንስሐ አባትዎ ስሆን ከልጆችዎ ብዙም አልበልጥም ነበር። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። የጎረቤትን ዶሮ በድንጋይ መምታትዎን እንደ ትልቅ ኃጢአት ሲነግሩኝ ሳቄን ለመደበቅ መስቀሌን አፌ ላይ እይዝ ነበር። ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ እንጀራ በልቼ፣ ጠላ ጠጥቼ፣ መክሬ ስወጣ፣ «አባቴ፣ የእርስዎ ቃል ለዚህ ቤት ምሰሶ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ልጅዎ እሸቴ በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ከጅረቱ ማዶ ባለ ሰው እጅ የሞተ ሰሞን፣ ሙላቴ የወንድሜን ደም ሳልመልስ አልቀመጥም ብሎ ተነሣ። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ተሰውሯል። ደም የሚፈለገው እንግዲህ ከቀሩት ዘመዶቹ ነው፤ ከእነሱም ቀድሞ እጅ የሚገባው የወንድሙ ልጅ ዳኛቸው ነበር፣ የትዝታ ባል። አንዱን ልጅዎን በቀበሩ ማግስት ሌላው ልጅዎ የሴት ልጅዎን ባል ሊገድል ጠብመንጃ ሲወለውል ያዩ ነበር። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም።

እኔ በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ። ደብረ ታቦር ስሰብክ ሰው ግቢውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ይንጠላጠል እንደነበር ያስታውሳሉ። መጀመሪያ ስለ ትዕግሥት ነበር የምሰብከው። በኋላ ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ዲግሪ ይዘው ባጃጅ ስለሚነዱ ልጆች መናገር ጀመርኩ። ሰዉ ወደደው። የፓርቲው ሰው ካሴ እየተመላለሰ «ይህ አፍ እዚህ ቀርቶ ማንን ሊጠቅም ነው? ፓርላማ ይግባ እንጂ!» ይለኝ ጀመር። ሕዝቤን ላገለግል ነው አልኩ። እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። ጭብጨባው ጥሞኝ ነበር።

ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ቀርቤ ዕጩ ልሆን ነው ስላቸው አልተቆጡም። «መስቀልና ወንበር ባንድ እጅ አይያዝም። ምረጥ» አሉኝ። መረጥኩ። መስቀሌን እጃቸው ላይ አኖርኩ። «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ማሰርም መፍታትም የለህም። የንስሐ ልጆችህንም ለሌላ አባት አስረክብ» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። በማግስቱ ወደ እናንተ የመጣሁት ልሰናበታችሁ ነበር እትዬ አሰፋሽ። ሌላ አባት ፈልጉ ልላችሁ።

ስደርስ ሁለቱም ወገን ከጅረቱ ግራና ቀኝ ጠብመንጃ ይዞ ቆሟል። እርስዎ ሮጠው እግሬ ላይ ወደቁ። «አባቴ፣ ይገዝቱልኝ! ይህን ልጅ ከእርስዎ ቃል በቀር የሚመልሰው የለም! ይገዝቱልኝ!»

ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ከትናንት ጀምሮ ካህን አይደለሁም፣ ሩጡና የደብሩን አለቃ ጥሩ» ማለት ነበረብኝ። ደብሩ ከኮረብታው ጀርባ ነው፣ ሩቅ አልነበረም። ነገር ግን ካሴ አብሮኝ መጥቷል፣ ስልኩንም አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል፤ ሕዝቡ ሁሉ አፍ አፌን ያያል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ግን ሲያመልጥ እያወቅሁት ነው ያመለጠው። ከኪሴ የአባቴን ትንሽ የእንጨት መስቀል አወጣሁና ጮህኩ፦

«መጥቼ እስክፈታችሁ ድረስ የወዲህ ሰው ወደ ማዶ፣ የማዶ ሰው ወደ ወዲህ፣ ይህን ጅረት አትሻገሩ! የተሻገረ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተገዘተ ይሁን!»

ሙላቴ ጠብመንጃውን አወረደ። ማዶዎችም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እርስዎ እጄን ሳሙኝ። ያ ቃል እርስዎንም ከትዝታ እንደሚለይ ያን ሰዓት አልታየኝም። እንዲታየኝም አልፈለግሁ ይሆናል።

ይኸው ተናገርኩት። ያለ ሥልጣን ነው የገዘትኩት። ሰው ሁሉ መስቀሌን የመለስኩት ከተመረጥኩ በኋላ ይመስለዋል፤ እኔም አላረምኩትም። ያ ቃል ማንንም አላሰረም እትዬ አሰፋሽ። እርስዎን ያሰረዎ እኔን ማመንዎ ብቻ ነው።

ካሴ ቀረጻውን በየስልኩ በተነው። «የጉናው አስታራቂ» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ቅስቀሳ ላይ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ ቪዲዮው ይናገርልኝ ነበር። ምክር ቤት ከገባሁም ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያን የጅረቱን ታሪክ አጫውታቸው» ይሉኛል። አጫውታለሁ። «አንዲት እናት እግሬ ላይ ወድቃ» እያልኩ እርስዎንም አነሳለሁ። ስምዎን አልጠራም፤ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር።

አዝመራው ሲገባ መጥቼ አስታርቃችኋለሁ ብዬ ነበር። አዝመራው ገባ። በሙላቴ ስልክ ደወሉልኝ፤ ድምፅዎ እንደ ልማድዎ ዝቅ ያለ ነበር።

«አባቴ፣ አዝመራው ገባኮ። መቼ ይመጣሉ?»

«በቅርቡ እመጣለሁ። መንገዱ ትንሽ አስቸግሮ ነው።»

«ግድ የለም፣ እንጠብቃለን። እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልን።»

መንገዱ በእርግጥ የተዘጋበት ጊዜ ነበረ። ሲከፈት ግን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ብመጣ ምን ላደርግ? ልፍታ ብል ሥልጣን የለኝም፣ እውነቱን ልናገር ብል ሙላቴ አለ። ግዝቱ ባዶ መሆኑን ያወቀ ቀን ዳኛቸውን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ዝምታዬ ሰላም ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። በቀረው ግማሽ ላይ ግን ወንበሬ ተቀምጦበት ነበር። የደብሩ አለቃ «እኔ ልፍታችሁ» ቢሉ «ያሰረን ይፍታን» እንዳላችሁ ስሰማ ደግሞ፣ ይመኑኝ አይመኑኝ፣ ተንፈስ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሙላቴ ቁጥር ሲደወል አላነሳም።

የትዝታ የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድ የሆነውንም ኑሩ ነግሮኛል። እሱ ሙስሊም ነው፣ የቄስ ግዝት አይመለከተውም፤ ስለዚህ ቅቤውንም ገንፎውንም ወሬውንም የሚያሻግርላችሁ እሱ ብቻ ሆኖ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን «ሕፃኗ ገና ክርስትና አልተነሣችም። ክርስቲያን ካልሆነች ግዝት አይዛትም። እኔ አቅፌ ላምጣልዎ» ብሎ ተከራከረዎ። ካህን ቢሆን ከእኔ ይሻል ነበር። እርስዎ ግን «የአባቴን ቃል በብልጠት አልሽርም» አሉት። ትዝታም ከማዶ ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየችዎ፣ እርስዎም ከወዲህ ሆነው እልል አሉ።

ይህን ሲነግረኝ ካፌ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሻዩን ጨረስኩት። ይህንንም ይወቁልኝ። ያን ቀን ተነስቼ ብመጣ ኖሮ ዛሬ ትዝታ ሆስፒታል አልሄድም ብላ አትተኛም ነበር።

ትናንት ከስብሰባው ወጥቼ ለደብሩ አለቃ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን!» ብለው ስልኩን ዘጉት። በኋላ መልሰው ደወሉ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ጠርተው እርቁን እሳቸው ይመሩታል፤ እኔም ከጥፋተኞች ጋር እቆማለሁ። ለካሴም ነገርኩት። «ዝም ብትል ምን ነበረበት? ምርጫ እየደረሰ!» አለ። ወንበሩ ይቅርብኝ አይቅርብኝ አላውቅም። አሁንም ያሳሳኛል እትዬ አሰፋሽ፣ አልዋሽዎትም።

ኑሩ ይህን ሲያነብልዎ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የምሄደው ሙላቴ ዘንድ ነው። ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ደጁ እንበረከካለሁ። እስከዛሬ ሌላው ተሸክሞ ሲመጣ «አውርዱለት» የምል እኔ ነበርኩ። ሙላቴ አያወርድልኝ ይሆናል፣ ቢደበድበኝም አልፈርድበትም። ቁጣው በእኔ ላይ ይውጣ፣ ዳኛቸው ጋ አይድረስ እንጂ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ። አልልም። አሁን ይቅርታዬን ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ጊዜ የለዎትም። እኔን አይጠብቁ፣ አለቃውን አይጠብቁ፣ እርቁንም አይጠብቁ። ጅረቱ በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ኑሩ ክንድዎን ይዞ ያሻግርዎታል፣ ትዝታን ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪናም ማዶ ካለው መንገድ ላይ እንዲቆም አድርጌያለሁ። አልገዝትዎም፣ አላዝዎም፤ በእርስዎ ላይ ምንም ሥልጣን የለኝም፣ ያኔም አልነበረኝም። እለምንዎታለሁ ብቻ። ልጅዎ በሩን በሩን እያየች ነው።

ይሻገሩ።

ያን ቀን ካህንዎ ያልነበርኩት፣
ይሻው