በጀርባው የተጻፈው

ጥርባ
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለምራቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ክረምት ሲገባ ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን አልጣለኝም። እንኳን ለፍልሰታ አደረሰሽ። የእንጅባራ ብርድ እንዴት ይዞሻል? የክረምቱ ትምህርት በረታ ብለሽ፣ ጾሙንም አሳበሽ፣ ሳትበይ እንዳትውይ። አንቺ መጽሐፍ ከያዝሽ ሆድ እንዳለሽ ትረሻለሽ። ድንቹ ደህና ይዟል። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ በጣም ሰላም ብሎሻል።

ይህን ስታዪ «ማን ጽፎላት ነው?» እንዳትይ። ማንም አልጻፈልኝም። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አራት ወረቀት አበላሽቼ ይኸኛው አምስተኛው ነው። መስመሩ ወደ ታች ከወረደ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እስክሪብቶው ምንም አላደረገም። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከቆምኩ ኔትወርክ ይገኛል። ግን በስልክ ታቋርጪኛለሽ። ካቋረጥሽኝ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ ያሰብኩትን ሳልናገር እዘጋዋለሁ። ወረቀት ሲሆን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድሽ ነው።

አስቀድሜ ለእኛ ለትልልቆቹ የጀመርሽልንን የንባብ ትምህርት ወሬ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህም እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። አስተማሪ ስለሌለን እርስ በርሳችን እንነታረካለን እንጂ ትምህርቱ አልቆመም። ዘንገና ሐይቅ ላይ ለእንግዳ ፈረስ የሚያስጋልበው ወገኔ እንግሊዝኛው በርትቷል። ያንን «ፈረሴ ጨዋ ነው» የሚለውን ካስተማርሽው ጀምሮ ሌላ ዓረፍተ ነገር እንድትጨምሪለት በጉጉት ይጠብቅሻል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ፈረሱ ጨዋ የሆነው ከፊት ለመጣ ሰው ብቻ ነው አለኝ። «ከኋላ አትምጡ የሚለውን ሳልማር የሰው አገር ሰው በእርግጫ ላስመታ ወይ?» ብሎ ተቆጣኝ። እስከዚያው በእጁ እያባረረ ይከለክላቸዋል አሉ።

ጎረቤታችን እናትነሽ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒቷን ይዛ መጣች። ካርቶኑ ላይ 2025 የሚል አይታ «ገና ስምንት ዓመት ይቆያል» ብላ ሣጥኗ ውስጥ ልታኖረው ኖሯል። ቀማኋት። የፈረንጅ ዓመት መሆኑን፣ ስምንት መቀነስ እንዳለባት፣ አጠገቡ ያለው ስድስት ቁጥርም ወሩን እንደሚናገር፣ ልክ አንቺ እንዳሳየሽን አድርጌ አስቆጠርኳት። ሰኔ ላይ አልፎበታል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሌላ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ መድኃኒቱን እየያዘ እኔ ቤት ይመጣል። የሐኪም ነጭ ካባ ብቻ ነው የቀረኝ። የራሴንም የማነበው ራሴ ነኝ፤ ይህንን ልብ በይልኝ፣ ለጉራ ብቻ አይደለም የጻፍኩት።

አሁን ደግሞ አፌ ደፍሮ ያልነገረሽን ልንገርሽ። ከስድስት ዓመት በፊት ደርበው ከዳንግላ ይዞሽ ሲመጣ አኩርፌ ነበር። አዊኛ የማታውቅ ምራት ከእኔ ጋር ምን ታወራለች ብዬ ልጄን አስቀይሜዋለሁ። አንቺ ያየሽውን ሁሉ እያነሳሽ «ይኼ በእናንተ ምን ይባላል?» ስትይኝ፣ ሆን ብዬ አንድ ሁለቱን ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። ተናደሽ አታውቂም። ዛሬ ገበያ ላይ ከሴቶቹ ጋር በአዊኛ ስትከራከሪ የሰማ ሰው የዳንግላ ልጅ ናት አይልም።

ደርበው በመኪና አደጋ ሲሞትብን ሰው ሁሉ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች አለ። እኔም ብያለሁ። አንቺ ግን ተዝካሩ በወጣ በሳምንቱ ደብተርና እርሳስ ይዘሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። «እማ፣ ዝም ብለን ከምንተያይ ፊደል እንቁጠር፤ እርስዎም ይስቃሉ፣ እኔም አስተማሪነቴን አልረሳም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ያ ፊደል ባይኖር ልጄን ተከትዬ እሄድ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የእሱን ነው። አንቺ አይተሽ ውሃ ላምጣ ብለሽ ወጣሽ፣ እንስራው ግን ሙሉ ነበር። እንዳላየሁ ሆንኩ። ይህን ሁሉ ስላደረግሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአፌ ብዬሽ አላውቅም፤ ይኸው በጽሑፍ ተቀበይኝ።

ወረቀት ስለማይበቃን አንድ ፊቱ የተጻፈበትን ሁሉ፣ የፈተናውን፣ የስም ዝርዝሩን፣ የተበላሸውን ማስታወሻ እየሰበሰብሽ በጀርባው የእኛን ንባብ ትጽፊልናለሽ። ስትሄጂም አንድ እስር ሰጥተሽኝ «እስክመለስ ቀስ ብለው ያንብቡ» አልሽኝ። ምን ቀስ አለ? የቀርከሃውን አነበብኩ፣ የሐይቁን አነበብኩ፣ የንቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አለቀብኝ። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ወረቀቶቹን ገልብጬ በሌላ ፊታቸው ያለውን ማንበብ ጀመርኩ። የአምስተኛ ክፍል ፈተና አነበብኩ። ማን ከትምህርት እንደቀረ አወቅሁ። ከንቡ ጀርባ ያለው ግን ያንቺ ጽሑፍ ነበር፤ የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ ወደ ሌላ ወረቀት ተገልብጦ የቀረ ደብዳቤ።

ማንበብ አልነበረብዎትም ትይኝ ይሆናል። ሰውን ማንበብ ያስተማረ ይኼን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ትልልቁን ፊደል ብቻ እንደማነብ መስሎሽ ነው፣ ተታለልሽ።

ወደ ዳንግላ የተፈቀደልሽን ዝውውር ልትተዪው እንደሆነ ይላል። «እናቴን ጥያት አልመጣም፤ መድኃኒቷን እንኳ የሚያነብላት የለም» ይላል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። እናትሽ ያሉት እዚያው ዳንግላ ነው፣ እሳቸውም የተማሩ ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው እኔን ማለትሽ እንደሆነ የገባኝ። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ላሟ እስክትጮህ ድረስ አልተነሳሁም።

ቀጥሎ ተናደድኩ። የሚያነብላት የለም ነው ያልሽው? የእናትነሽን ያነበብኩላት ማን ሆኜ ነው? እኔን ምክንያት አድርገሽ ዕድሜሽን እዚህ ጭቃ ውስጥ ልትጨርሺ ከሆነ ፊደሉን ባታስቆጥሪኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ስጽፍም አሁንም ተናድጃለሁ፣ ደግሞም ልቤ ሞልቷል፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም።

ስለ አንድ ነገር ግን አልጠይቅሽም። የቢሮ ደብዳቤ ከላይ «ጉዳዩ» ብሎ እንደሚጀምር አስተምረሽናል፤ ለቀበሌው ስለ ምንጩ ውሃ የጻፍኩትም እንደዚያው ነው። ከንቡ ጀርባ ያለው ግን «ጉዳዩ» የለውም። ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ጉንፋኑ ተሻለ ወይ ይላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉንፋን ሲይዘው ሰምቼ አላውቅም። ከዚህ በላይ አልልም።

የዝውውሩ መልስ እስከ ነሐሴ ሃያ እንደሆነ እዚያው ላይ ጽፈሻል። እንግዲያው ገና ነው። እሺ በይ። እኔን ስለማኖር አታስቢ፤ እናትነሽ በአጥር ማዶ አለች፣ ጀማሪዎቹን ፊደል የማስቆጥረው እኔ ነኝ፣ ለወገኔ እንግሊዝኛ ስትዪ በወር አንድ እሁድ ብቅ ትያለሽ። ዳንግላም የዓለም ዳር አይደለም። እንጅባራ መናኸሪያ ገብቼ ዳንግላ የሚለውን ሚኒባስ ማንንም ሳልጠይቅ አንብቤ እሳፈራለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በከል ልብስሽ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆሚ አይቻለሁ። የሟች እናት ከሏን ሳታወልቅ ሚስቱ ብታወልቅ ሰው ምን እንደሚል አንቺም እኔም እናውቃለን። አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። እኔ ለልጄ ያዘንኩ መስሎኝ አንቺን አስሬ ኖሬያለሁ። እሱንም ይህ ደስ አያሰኘውም ነበር። ይቅር በይኝ።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው እሁድ የንስሐ አባቴን አስጠርቼ፣ ጎረቤት ሰብስቤ ከሌን አወለቅሁ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ያለቀስኩት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህን የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ኪዳኑ ነው፤ ድንች ጭኖ እንጅባራ ሊወርድ ነው። የያዘው ፌስታል ውስጥ ነጭ ቀሚስ አለ። ጥጡን እኔ ፈትዬዋለሁ፣ ጥለቱን አረንጓዴ አስደርጌዋለሁ። ለበዓል ብለሽ አታስቀምጪው። ጉንፋኑን የጠየቅሽው ሰው ሲመጣ ልበሽው።

እመቤቴ ማርያም መንገድሽን ታቅናልሽ። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ። ልጅ ይስጥሽ፤ ክረምት ክረምት ወደ እኔ ላኪው፣ አዊኛውን እኔ አስተምረዋለሁ።

እናትሽ