በደብተሩ ላይ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ብታዪኝ ኖሮ «ቅጽ ቢሆን ይሄኔ ሞልተሽ ጨርሰሽ ነበር» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ቅጽ ላይ ማንም አይችለኝም፤ የሆዴን ልጻፍ ስል ግን እጄ ይተሳሰራል።

እግርሽ አልታዘዝ ብሎሽ ወንድምሽ ዘንድ ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነ። ስትመሪው ከኖርሽው የአረጋውያን መዋያ ስንሸኝሽ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አቅፌሽ «በርቺ» ብቻ ብዬሽ ተመለስኩ። የዐሥራ አንድ ዓመት ውለታ በአንድ «በርቺ» አይከፈልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያን ጊዜ ኮሌጁ ውስጥ አዲስ መምህርት ነበርኩ። ተማሪዎቼ እያገለገሉ እንዲማሩ፣ አገልግሎቱም ከውጤታቸው እንዲቆጠርላቸው ብዬ አራት ገጽ የመግባቢያ ሰነድ አዘጋጅቼ ቢሮሽ መጣሁ። ቢሮ ማለት እንግዲህ ከድንች ጆንያና ከተሰበረ ዊልቼር የተረፈችው ጥግ ናት። «እርስዎ የሚመሩት መዋያ...» ብዬ ስጀምር አቋረጥሽኝ።

«አንቱታውን እዚያ ለተቀመጡት አባቶች ተይላቸው። እኔን አንቺ በይኝ።»

ከዚያ መነጽርሽን አፍንጫሽ ጫፍ ላይ አድርገሽ አራቱንም ገጽ አነበብሽና «ልጆቹ መቼ ነው የሚሄዱት?» አልሽኝ።

ሳቅኩ። «ኧረ ገና መቼ መጡና!»

«ይሁን፤ መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሴሚስተሩ ሲያልቅ።»

መነጽርሽን አውልቀሽ ፈረምሽ። ፊርማሽን እኔ እንደ ሙሉ መስማማት ቆጠርኩት።

ሥራው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ አረጋዊ ጋር ይጣመራል፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እየመጣ የሕይወት ታሪካቸውን በደብተር ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ያነብላቸዋል። ብዕር የምታኝከዋ ረጅሟ ተማሪዬ ለፖስተኛው ደረሰችው። አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደለ፣ ጡረታ ወጥቶም ጫማውን ሳይቦርሽ ከቤቱ የማይወጣ ሰው! ስትመጣ ቶሎ እንዲያያት፣ ወደ ግቢው በር በሚያሳየው መስኮት ሥር መቀመጥ ይወድ ነበር።

እኔ ያዘዝኩት ሃያ ገጽ ነው። ሃያው ገጽ ሞላ፣ ፈተና ደረሰ፣ ተማሪዎቹ ቅጂውን አስረከቡኝ፣ ውጤት ሰጠሁ። ደብተሮቹን ለመዋያው በስጦታ ተውን። ማንም ማንንም አልተሰናበተም። እኔም ተሰናበቱ አላልኳቸውም፤ ቅጼ ላይ ለስንብት የተተወ ቦታ አልነበረም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከስብሰባ ስወጣ ቢሮዬ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ልጥራልዎት ብላቸው እምቢ አሉ» አለችኝ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ይቅርታ ስልሽ «እንኳን ቆየሽ» አልሽኝ። «መጠበቅ ምን እንደሚመስል እስቲ ልየው ብዬ ነው።»

ጠረጴዛዬ ላይ «የተሳካ አጋርነት» የሚል ርዕስ ያለው ሪፖርት ተዘርግቶ ነበር። አንቺ ከቦርሳሽ የፖስተኛውን ደብተር አውጥተሽ እሱ ላይ አስቀመጥሽውና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሽልኝ። እንዲህ ይላል፦ «በሃያ ሰባት ዓመቴ ወደ ቀለም ፋብሪካው ሠፈር ተዛወርኩ። እዚያ አንድ አረንጓዴ በር ነበር። ሳንኳኳ አንዲት ልጅ ከፈተችልኝ።» ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።

«ሰውየው ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው» አልሽኝ። «በእናንተ ደብተር ግን ገና ሃያ ሰባት ነው። አምስት ረቡዕ ጫማውን ቦርሾ መስኮቱ ሥር ዋለ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጠብቀው የኖረ ሰውዬ አሁን እሱ ጠባቂ ሆነ። ልቡ ብዙ እንደማያቆየው ሐኪሙ መናገሩን ታውቂያለሽ። በሩን የከፈተችለትን ልጅ ማን ይጻፍለት?»

«ሴሚስተሩ እኮ አልቋል» አልኩ። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«የእናንተ አልቋል። የእሱ መቼ አለቀ?» ብለሽ ተነሣሽ። «ሰነዱን ቅደጂው ልልሽ ነበር የመጣሁት። ፊትሽን ሳየው ግን ክፋት እንዳልሆነ ገባኝ። ረቡዕ ነይ። ወረቀት ሳትይዢ።»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ተማሪ አምጥቼ፣ ለፍቼ፣ ጭራሽ ልወቀስ? ሪፖርቱን ልጨርስ ተቀመጥኩ። «የተሳካ» የምትለው ቃል ጋ ስደርስ ብዕሬ አልሄድ አለኝ። ተማሪዋ ጋ ደወልኩላት፤ ቤተሰቧ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን አስራ ነበር። ሻንጣውን ፈታችው።

ረቡዕ ዕለት ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ፊቱ ቆምን። ፖስተኛው ከእግር እስከ ራሳችን አየን።

«ደብዳቤ ሲዘገይ የሚሰደበው ፖስተኛው ነው» አለ። «እኔ ስሰደብ ስለኖርኩ እናንተን አልሳደብም። ብቻ ቶሎ በሉ! ሳትድሩኝ ነው ጥላችሁኝ የሄዳችሁት። በዚህ ዕድሜዬ ወንደላጤ ሆኜ ልቅር?»

አንቺ ከበሩ ሥር ቆመሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። ተማሪዬ እየሳቀች እያለቀሰች ብዕሯን ካፏ አወጣችና ሃያ አንደኛውን ገጽ ጀመረች።

አራቱን ገጽ ቀደን በመዋያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጻፍን። አንቺ ሁለት ነገር ብቻ አስጨመርሽ። የተማሪው የመጨረሻ ቀን በመጀመሪያው ቀን ይነገራል። ደብተር የሚዘጋው ባለቤቱ ዝጉት ሲል ነው፤ የሚሄድ ተማሪ ተተኪውን እጁን ይዞ አምጥቶ ያስተዋውቃል። የኮሌጃችን ዲን «ይህ ከካላንደራችን ጋር አይሄድም» ሲል «ካላንደሩ ከሰማይ ወረደላችሁ እንዴ?» ብለሽ አፉን አስያዝሽው። ያኔ ጠረጴዛ ሥር እግርሽን ረገጥኩሽ፤ ዛሬ እጅሽን ብስም ደስ ባለኝ።

ለፖስተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ተማሪ ተፈራረቀለት። የአረንጓዴው በር ልጅ ሚስቱ ሆነች፣ ሦስት ልጅ ወለደችለት፣ በሞትም ቀደመችው። የመጨረሻው ቀን ያስጻፈውን አንቺም እኔም ቆመን ሰምተናል፦ «ዛሬ ረቡዕ ነው። መጡ።» ከዚያ «በቃ፣ ዝጉት» አለ። በሁለተኛው ወር ሲያርፍ ሴት ልጁ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ የእናቷን ገጽ እዚያው ቆማ ስታነብ አይቻለሁ። ያን ቀን ኮሪደሬ ላይ ባትቀመጪ ኖሮ እናቷ በር ከፍታ እንደቆመች ትቀር ነበር። እታለም፣ አመሰግንሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያስተማርኩት ሁሉ ከዚያች አግዳሚ ወንበር የተማርኩት ነው።

ብዕር የምታኝከዋ ልጅ አሁን በቦታሽ ተቀምጣ መዋያውን ትመራለች፤ ብዕሩንም አልተወችም። ባለፈው አንድ ወጣት መምህር ከሌላ ኮሌጅ ሰነድ ይዞ ቢመጣ «ተማሪዎቹ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብላ አፋጠጠችው። ግራ ሲገባው እኔን አሳዘነኝ።

ከዚያች የቢሮሽ ጥግ ያለውን የደብተር መደርደሪያ አብረን ቆጠርን። ስልሳ ሦስት ደብተር አለ። የአናጺው አለ፣ የአዋላጇ አለ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚተኛው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እንኳ አለ። ያንቺ የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር ስትደረድሪልን፣ አንዳችን እንኳ «አንቺስ ተቀመጪ፣ አንቺስ ከየት ጀመርሽ?» አላልንሽም።

ስለዚህ የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ረቡዕ አዲስ ደብተር ይዤ ወንድምሽ ቤት እመጣለሁ። ቅጽ አልይዝም። ደንብሽን ግን አክብሬ የመጨረሻውን ቀን ከአሁኑ ልንገርሽ፦ አንቺ «ዝጊው» ያልሽኝ ዕለት ነው።

መስኮት ሥር ሆነሽ እንዳትጠብቂኝ። ተኝተሽ ከደረስኩም እንዳይቀሰቅሱሽ። ለወንድምሽ ንገሪልኝ፣ በርሽ ላይ አንድ ወንበር ያስቀምጥልኝ፤ እስክትነሺ እጠብቅሻለሁ። ተራው የእኔ ነው።

ባለ ቅጿ እህትሽ