የአይጥ ጉድጓድ ያልሁት

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በሐምሌ እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱም ጎረቤቱም በልተው ሄደዋል። የላይ ጎረቤታችንን አያ ገላዬን ግን አልጠራሁትም። ለምን እንዳልጠራሁት ታውቂያለሽ፤ ወይም የምታውቂ ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ከምድር ቤቱ በቀር እንደነበረ ነው። የሞትሽበትን ክረምት ወደዚያ አልወረድሁም። ባለፈው ነሐሴ ብራና ላወጣ ወርጄ በዳገቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ስደገፈው መዳፌ ረጠበ። ምርጊቱ አብጦ ነበር፤ በጣቴ ብነካው ተላጠ። ሦስት ብራና ሻግቶ አገኘሁ። መጻፍ ጀምሬው የነበረው ዳዊትም ጠርዙ ረጥቧል።

ወዲያው የጠረጠርሁት አያ ገላዬን ነው። ከእኛ በላይ ባለው ጓሮው ለጣሊያኖቹ ግንባታ ኖራ የሚያቦካበት ጉድጓድ ቆፍሯል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲደፋበት ይውላል። ቤቱን አፍርሶ ቦታውን ሊወስድ ነው አልሁ። ጠብመንጃዬን ያስወሰደ ሰው ቤቴን ቢያፈርስ ምን ይገርማል?

ያን ቀን መቼም አትረሽውም። ከማክሰኝት ገበያ ስመለስ መደቡ ላይ ተቀምጠሽ ጠበቅሽኝ። የጣሊያን ወታደሮች መጥተው ቤቱን በረበሩት፣ የአባትህን ምንሽርም ወሰዱት አልሽኝ። ማን ጠቆመ ስልሽ ተነሥተሽ እሳት ልታነጂ ገባሽ። ከእኔና ከአንቺ ሌላ ጠብመንጃው ቤት እንዳለ የሚያውቅ አያ ገላዬ ብቻ ነበር፤ ከጣሊያን ጋር የሚውለውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈግሁት። ስትቀበሪ እንኳ አፈር ሲመልስ አይቼ ፊቴን አዞርሁ።

አሁን ማስረጃ ፈለግሁ። ለአርእስት መጻፊያ የበጠበጥሁትን ቀይ ቀለም አንድ ቅል ሙሉ ይዤ በአጥሩ ሾልኬ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁት። ውሃው የሱ ከሆነ ግድግዳዬ ይቀላል። ሁለት ቀን ምድር ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ስጠብቅ ዋልሁ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር። የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ ነው። የቀላው የጣሊያኖቹ ኖራ ነው።

በሦስተኛው ቀን አያ ገላዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ምነው መርሻ፣ በኔ ጓሮ ሰንጋ ጥለህ ለሥጋው ሳትጠራኝ!» አለኝ። ሙት ዓመትሽንም ማለቱ መሰለኝ። ጣቴን አየው፤ ቀይ ነው። መዋሸት አልቻልሁም። ግድግዳዬን በውሃ ልታፈርሰው ነው አልሁት። በአጥሩ ዞሮ በበሩ ገባና በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። መንገዱን ማን እንዳሳየው ገረመኝ።

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አላየም። ጥጉ ጋ ሄዶ ከግርጌው ተንበረከከ። «እዚህ ጋ ቀዳዳ ነበረ። ድፈኑት ያለ ማን ነው?» አለኝ።

እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር። አይጥ ብራናዬን ሲበላብኝ፣ ያን የአይጥ ጉድጓድ ድፈኚው ያልሁሽ እኔ ነኝ። በጋ ስለነበር ደረቅ ነበር። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የዳገቱ ውሃ በዚያ ገብቶ በወለሉ ቦይ እንዲወጣ ብለው እንደተዉት ማን ነግሮኝ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከድንጋዩ ኋላ ሽቅብ ወጣ።

ዶማ ሳነሳ «መጀመሪያ በሩን ዝጋው» አለኝ። ሊገድለኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ዘጋሁት፤ ዶማውን ግን ከእጄ አልለቀቅሁም። ጭቃውን ልጬ ድንጋዩን ሁለት ሆነን ስንጎትተው ውሃው ጉልበታችንን መታን። ከውሃው ጋር ሰም በተቀባ ነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወጣ። ነጠላሽን በጥለቱ አወቅሁት። ውስጡ ያለው የአባቴ ምንሽር ነው። አፈሙዙ ዝጓል፤ ሌላው ደህና ነው።

አያ ገላዬ አልደነገጠም። «ድንጋዩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጭቃው የሷ ነው» አለ። ለካ ወታደር የሚባል አልመጣም ነበር፤ ምንሽሩን እዚያ የደበቃችሁት አንቺና እሱ ናችሁ። ታዲያ ምነው ለእኔ ሳትነግሩኝ አልሁት። አንገቱን አከከ። «ጠላ ሲቀምስ አፉ አያርፍም፤ እሱ ካወቀ ሁላችንንም ይሰቅሉናል አለችኝ።»

ተናደድሁብሽ። አገሩን ሁሉ ስጠረጥር በገዛ ቤቴ የተጠረጠርሁት እኔ ነበርሁ። በኋላ ያን ሰሞን አስታወስሁ። ጠብመንጃው ተወሰደ ባልሽኝ በሳምንቱ አምባ ጊዮርጊስ ተዝካር ላይ ጠጥቼ፣ ምንሽሬ ባይወሰድ ኖሮ እያልሁ ሰው ፊት ስፎክር ውያለሁ። ባይወሰድ ኖሮ ምን ልል ነበር? ልክ ነበርሽ።

ቀዳዳው አሁን ክፍት ነው፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። አይጥ እንዳይገባ አያ ገላዬ የሰጠኝን የሽቦ ወንፊት አፉ ላይ አድርጌበታለሁ። ግድግዳው በጥቅምት ደረቀ፤ ጭቃና ጭድ አቡክቼ ራሴ ለቀለቅሁት። እንደ አንቺ አላሳመርሁትም። ከአያ ገላዬ ጋር ሰላም እንባባላለን። ጠብመንጃው የት እንዳለ ግን አልነገርሁትም፤ ዛሬም ኖራ የሚያቦካው ለእነሱ ነው። ለአንቺም እዚህ አልጽፍልሽም። ይህን ወረቀት በዳዊቱ የእንጨት ገበታና በቆዳ ልባሱ መካከል ሰፍቼ አኖረዋለሁ፤ ዳዊቱንም አልሸጠውም።

ስለቀልቅ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ሳልነካ ተውሁ። ቀዳዳውን ስትደፍኚ ከጎኑ አራት ጣትሽ የተሳበበት ጭቃ ነው። ባለፈው እሑድ ሰዎች ሰብሰብ ብለን ስንጠጣ ማን ጠብመንጃ እንደደበቀ ወሬ ተነሣ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያ የጣትሽ ፈለግ ታየኝና ዋንጫዬን አስቀምጬ ወደ ቤቴ መጣሁ። እስክከተልሽ ድረስ እንዲህ እያደረግሁ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ መርሻ