ጠዝማ ወንዝን ያሻገሩን የግንበኛው የአቶ ይሁኔ ወልደ ገብርኤል ሕይወት

አቶ ይሁኔ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ገብርኤል ፈንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በ1896 ዓ.ም. በስማዳ፣ ጠዝማ ወንዝ ዳር ተወለዱ። እንደ አባታቸው እንዲቀድሱ ታስቦ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ግን የደብሩን ቅጥር ሊሠራ የመጣ አንድ ግንበኛ አይተው ትምህርቱን ተዉና ድንጋይ መጥረብ ጀመሩ። አባታቸው ሁለት ዓመት ተቀየሟቸው፤ በሦስተኛው ዓመት የቤተ ልሔሙን ግድግዳ ሠርተው ሲያሳዩአቸው ታረቁ።

ከዚያ ወዲህ ኖራ እያቃጠሉ፣ ድንጋይ እየጠረቡ፣ ከእስቴ እስከ ታች ጋይንት አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገንብተዋል። አንዱም አልተሰነጠቀም። በ1926 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐረገ ወይን ደሞዝን በተክሊል አግብተው ማሞን፣ የሻረግንና ዳኛቸውን አፈሩ።

በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በዚህ ጸሎት ላይ ስሙን መጥራት የማንወደው የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ምርምር ክፍል ወደ አገራችን መጣ። ኅብረተሰቡን ሊጠቅሙ እንደ መጡ ነገሩን። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ድንኳን መትከል ነው። ሁለተኛው ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ነው፤ ጉንዳን ነበረበት። ሴቶቹን ውሃ ለመቅዳት ስንት ርምጃ እንደሚሄዱ ጠየቋቸው። ርምጃውን ቆጥራ የምታውቅ ስላልነበረች ሁሉም የመጣላትን ተናገረች፤ ያም በጥንቃቄ ተጻፈ።

ቀጥሎ ጠዝማ ላይ ድልድይ ሊሠሩ ተነሡ። የመረጡት ቦታ ወንዙ የሚንጣለልበት ሜዳ ነው፤ መኪናቸው ከዚያ አያልፍምና። አቶ ይሁኔ ሄደው ከወንዙ ዳር ያለውን ሾላ አሳዩአቸው። ከሰው ቁመት በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ ሣር ተጠምጥሞበት ነበር።

«ይህን ሣር እዚህ ሰው አልሰቀለውም፤ የሐምሌ ውሃ ነው የሰቀለው» አሏቸው። «ከላይ፣ ገደሉ ከሚጠብበት አለት ላይ ሥሩት።»

የክፍሉ ኃላፊ፣ «አባባ፣ ወንዙን እኮ ለክተነዋል» አለ።

«መቼ ለካችሁት?»

«በዚህ ሳምንት።»

«በዚህ ሳምንትማ በግ ይሻገረዋል» አሉ አቶ ይሁኔ።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። በግንቦት ድልድዩ አለቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ሳይንስ ከገበሬው ጋር እንደ ተገናኘ የሚያትት ረጅም ንግግር ተነበበ፤ ሦስት በሬ ተበላ። በማግስቱ ድንኳኑም መኪናውም አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ አቶ ይሁኔ በገበያ ቀን ከድልድዩ አፍ እየቆሙ ሰው መመለስ ያዙ። የመንግሥትን ሥራ አጣጣሉ ተብለው ተከሰሱና መካነ ኢየሱስ ከተማ ታሰሩ። ሐምሌ 18 ቀን የበኩር ልጃቸው ማሞ ለአባቱ ስንቅ ይዞ ሲሻገር፣ ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ አዛለችም ከኋላው ነበሩ። ድልድዩ ሁለቱንም ይዞ ሄደ። የማሞ አስከሬን በሦስተኛው ቀን ተገኘ። የወይዘሮ አዛለች እስከ ዛሬ አልተገኘም። አቶ ይሁኔ የተፈቱት ልጃቸውን እንዲቀብሩ ነው።

ከምርምር ክፍሉ ለልቅሶ የመጣ የለም። ደብዳቤ ግን መጣ፤ ጎርፉ ከተለመደው ውጭ እንደ ነበረ ይገልጻል። ጎርፉ በየዓመቱ የምናውቀው ጎርፍ ነበር።

አቶ ይሁኔ አንድ ዓመት መዶሻ አልነኩም። በ1959 ዓ.ም. መስቀል ሲያልፍ ግን የስማዳንና የእስቴን ገበሬ ሰብስበው ገደሉ ከሚጠብበት አለት ላይ የአዲስ ድልድይ መሠረት አወጡ። ሦስት በጋ ፈጀ። ማንም ሳይመርቀው ሰው ተሻገረበት፤ አምስት ክረምትም ሆነ ሃምሳ እንደሚችል የሚያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ።

በ1962 ዓ.ም. እነዚያው ሰዎች ካሜራ ይዘው ተመለሱ። ኃላፊው ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከድልድዩ አጠገብ ቆሞ አነበበልን። ክፍሉ ባሳየው አርአያ ኅብረተሰቡ ተነሣሥቶ ድልድይ እንደ ሠራ ይላል።

አቶ ይሁኔ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ማሞን የት ላይ ጻፋችሁት?» ብለው ጠየቁ።

ሰውየው ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶም ገለጠ። «አባባ፣ ጥናቱ የሚመለከተው ግንባታውን ብቻ ነው» አለ።

«እንግዲያው የኔንም ግንባታ ተዉት» አሉና ከድልድዩ መሐል ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ፎቶውን እንዲሁ አነሡት። ታትሞም አይተነዋል፤ ከሥሩ «ከምርምሩ ተጠቃሚዎች አንዱ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የሃምሳ ዓመት የኖራ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳል አልጋ ላይ ጣላቸው። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይለ ሚካኤል ሥጋ ወደሙን ሊያቀብሏቸው ሲመጡ የበደሏቸውን ሁሉ ይቅር እንዲሉ ጠየቋቸው።

«መሐንዲሶቹንም?» አሉ።

«እነሱንም፣ አቶ ይሁኔ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በኋላ፣ «ይቅር ብያለሁ» አሉ። ወደ ልጆቻቸውም ዞረው፣ «ሁለተኛ ግን ወንዝ እንዳታሳዩአቸው» አሉ።

ከዚያ ቆርበው፣ ኅዳር 22 ቀን 1964 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ልጆቻቸው የሻረግና ዳኛቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ሙላት በኀዘን ቀርተናል።

ድንጋይን በድንጋይ ላይ ያጸኑትን አባታችንን እግዚአብሔር በማይናደው ቤቱ ያሳርፍልን። በየትኛውም ወረቀት ላይ ያልተጻፉትን ማሞንና ወይዘሮ አዛለችን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።