በቡታጅራ ሰማይ ላይ ማን ይቅደም?

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬ ሁለት አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ዋሉ። አንዱን የማበርረው እኔ ነበርኩ። ሌላውን ሐጂ ነስሩ።

«ዋሉ» ማለቴ ማጋነን ነው። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ሰማይ ላይ ሃያ ደቂቃ መግደርደር ረጅም ነው። ነዳጅ ደግሞ አይግደረደርም፣ ያልቃል።

የበረራ ትምህርት ቤታችን ማለት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ማኮብኮቢያ፣ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላንና ሁለት አሰልጣኝ ነው። መቆጣጠሪያ ማማ የለንም። ሁሉም ሰው የት እንዳለ በራዲዮ ይናገራል፣ ሌላውን በዓይኑ ይፈልጋል፣ በደንቡ ይሄዳል። ደንቡ ለማረፍ ከሚመጡት ዝቅ ያለው ይቀድማል ይላል። ዛሬ ሁለታችንም ለየብቻ ተለማምደን ስንመለስ እኩል ደረስን፤ ዝቅ ያሉት ሐጂ ነበሩ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ግቢ» አሉ።

ሐጂ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ከተማው ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እስከ አምና ወልቂጤ ፊዚክስ ሳስተምር የነበርኩ፣ እሳቸውን ቀድሜ ልግባ? አልገባም ብዬ ዞርኩ። እሳቸውም ዞሩ። እንደገና መጣን፣ እንደገና ተግደረደርን። በሦስተኛው እኔ «እንግዲህ እንዲህ ካሉ ልግባ» ብዬ ታጠፍኩ። እሳቸውም በዚያችው ቅጽበት «እንግዲህ እምቢ ካለች» ብለው ታጠፉ። እኔ ከግራ፣ እሳቸው ከቀኝ። ሁለታችንም ራዲዮ ላይ ትንፍሽ አላልንም።

ዋናው አሰልጣኝ ካፒቴን ዮሐንስ ከመሬት ሆነው «ሰላማዊት ወደ ላይ! ወደ ላይ!» ብለው ባይጮሁ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። ክንፋቸው ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩት። የሐጂን ጺም አየሁት። ከጺሙ ላይ ሂና የተቀባው የቱ እንደሆነ ሁሉ መለየት እችል ነበር።

ካፒቴን ስንወርድ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ብቻችሁን አትበሩም። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ፈታኝ ይመጣል። ተራውን የማያውቅ ሰው ስም አላቀርብም» ብለው ሄዱ።

ስሜ ካልቀረበ አለቀልኝ። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወልቂጤ ተመልሶ ዘጠነኛ ክፍልን ስለ ፍጥነት ማስተማር ነው። እኔ ደግሞ ስወጣ «ሁለተኛ ጠመኔ አልይዝም» ብዬ መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ተናግሬ ነው የወጣሁት። ምነው አፌን በቆረጠው።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬ በእግራችን በረርን።

ካፒቴን እኔንና ሐጂን ማኮብኮቢያው ላይ አቁመው እጃችንን እንደ ክንፍ እንድንዘረጋ አዘዙን። ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። ትምህርቱ እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ስትገናኙ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ታጠፉ። መንገዳችሁ ሲቋረጥ በቀኝህ ያለውን አሳልፍ። ከኋላ የምትደርስ በቀኝ በኩል ዞረህ እለፍ። ሕፃን ልጅ የሚይዘው ነገር ነው።

አንደኛ ሙከራ፦ እየተጠጋጋን መጣን። ሦስት እርምጃ ሲቀር ሐጂ የቀኝ ክንፋቸውን ለሰላምታ ዘረጉልኝ። ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩ። ካፒቴን «ይኸው፣ ሁለታችሁም ሞታችኋል» አሉ።

ሁለተኛ፦ ሐጂ ቀጥ ብለው ቆሙና በእጃቸው እለፊ አሉኝ። «ሐጂ፣ አውሮፕላን አይቆምም!»

ሦስተኛ፦ እኔ ቀኝና ግራዬ ጠፋብኝ። ፊዚክስ አስተማሪ!

እስከ ምሳ ድረስ ሰባት ጊዜ ሞተናል። ሰዎች አጥሩ ጋ ቆመው ያዩናል። አንዲት ሴት «ምን ሆነው ነው?» ስትል ጓደኛዋ «እየተማሩ ነው» አለቻት። «ምኑን?» መልሱን አልሰማሁትም፤ ሳቁን ግን ሰማሁ።

በስምንተኛው ሁለታችንም ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ማንም አልሞተም። ካፒቴን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለክብራችን ይሁን ሙቀቱ በርትቶባቸው አላውቅም፤ ለክብራችን ነው ብዬ ይዣለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ዛሬ የራዲዮ ቀን ነበር። እኔ ከካፒቴን ጋር በረርኩ፣ ሐጂ ከረዳት አሰልጣኙ ጋር። የሚባለው አራት ነገር ብቻ ነው፤ እጄ ላይ በስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ማን ነኝ።
የት ነኝ።
ከፍታዬ ስንት ነው።
ወዴት ነኝ።

በቃ። ምክንያቱም መስመሩ አንድ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም። ሰማዩም የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም እዚሁ ይለማመዳሉ።

ሐጂ ግን ሰላምታ ሳያደርሱ ወሬ የሚጀምሩ ሰው አይደሉም። «አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋላችሁ? ሁሉ ሰላም? አልሐምዱሊላህ። ካፒቴን፣ ወገብዎን ተሻለዎት? ሰላማዊት፣ እናትሽ ደህና ናት?» ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ከቆሼ ከተማ በላይ ሆኜ ከፍ እያልኩ ነው፣ መናገር አለብኝ፣ መስመሩ ተይዟል። ሐጂ እስትንፋስ ሲወስዱ አንድ የማናውቀው የአዲስ አበባ ልጅ ገባ፦ «ወዓለይኩሙ ሰላም ሐጂ፤ ይቅርታ፣ ግን የት ነዎት?»

«ያቺ ሐይቅ ላይ።»

«የትኛዋ ሐይቅ?»

ሐረ ሸይጣንን ማለታቸው ነው። ክብ ስለሆነች ከላይ ለምልክት እንደሷ የሚመች የለም። ሐጂ ግን የዚያን ፍጡር ስም ሰማይ ላይ ሆነው አይጠሩም። «መሬት ስንወርድ እነግርሃለሁ» አሉት። ከዚያ የልጁን ቤተሰብ መጠየቅ ጀመሩ።

ያኔ ደሜ ፈላ። እንዳቆሙ የራዲዮውን ቁልፍ ተጭኜ «ሐጂ! ራዲዮውን ይልቀቁት!» ብዬ ጮህኩ።

ካፒቴን አጠገቤ ሆነው «ትክክል» አሉ። የእኔ ጆሮ ግን እስኪነድ ጋለ።

ከሰዓት ለእናቴ ደወልኩ። ሰኞ ልጋጭ እንደነበር ስነግራት «እግዚአብሔር ነው ያወጣሽ» ብላ ተወችው። ሐጂ ላይ እንደጮህኩ ስነግራት ግን «እንኳንም አባትሽ ይህን አልሰማ» አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሐጂ መደብር ሄድኩ። የበርበሬ መደብር ገብቶ በክብር ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም። ገና ከበሩ ጀመረኝ። «ሐጂ፣ ትናንት...» አስነጠሰኝ። «እኔ እንደዚያ ማለቴ...» አስነጠሰኝ። እሳቸው እንደ ለመዱት ተረጋግተው ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና ውሃ አስመጡልኝ።

«ልጄ፣ ሰኞ ያስቀደምኩሽ አክብሬሽ መሰለሽ?»

«አዎ።»

ወደ በሩ አዩ። ማንም አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማረፉን እፈራዋለሁ። መነሳቱን ወድጄዋለሁ፣ ዙሩም አይከፋም። መሬቱ ወደ እኔ ሲመጣ ግን ዓይኔን መጨፈን ያምረኛል። አንቺ ገብተሽ እስክታርፊ ትንሽ ጊዜ ላገኝ ብዬ ነው። ቤት ውስጥ እንኳ አልተናገርኩም።»

ከዚህ በኋላ እኔ ምን ልደብቅ? ተናዘዝኩ። ሳርፍ እነጥራለሁ፤ አንዳንዴ ሦስቴ። ሰኞ እምቢ ያልኩት ለሽበታቸው ብዬ ብቻ አልነበረም። ቀድሜ ወርጄ ስነጥር ከላይ እንዳያዩኝ አፍሬ ነው። እስካሁን ለራሴም እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም ነበር።

ሐጂ ሳቁ። «ሰው ሁሉ አስታራቂ ይለኛል። ከመሬት ጋር ግን ገና አልታረቅኩም» አሉ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ ከማስነጠሱ ጋር ተደባልቆ እንባዬ ወረደ። በልቤ ግን ተናድጃለሁ። ፈሪነታችንን ትህትና ብለን ጠርተን ልንገዳደል ነበር እኮ!

ተስማማን። ሰማይ ላይ ዕድሜ የለም። ሰላምታም የለም። «ያላደረስነውን መሬት ላይ እናደርሳለን» አሉ። ስወጣ ግን በሩ ላይ ቆመው ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴና ስለ እህቴ ልጆች አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ የረቡዕን ሁሉ እዚያው ጨረስነው።

ዓርብ፣ ጥር 8

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ካፒቴን ጠሩን። አንድ ጊዜ፣ ለየብቻችን፣ የመጨረሻ ዕድል። ነገ ስማችንን ማቅረብ አለማቅረባቸው በዚህ ነው።

ቁርስም ምሳም አልበላሁም። ተነሳሁ። ለትንሽ ጊዜ ጥሩ ነበር። ከዚያ የፊት መስተዋቱ ላይ ዝንብ አየሁ።

ዝንቡ አስጠላኝ። አንገቴ ላይ ባሰርኩት ሻሽ ጠረግኩት፣ አልሄደም። ከውጭ ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ያው ቦታ ላይ ነው፣ ግን ወፍሯል። ካፒቴን መቶ ጊዜ የነገሩን ያኔ ትዝ አለኝ፦ መስተዋትሽ ላይ የሚንቀሳቀሰው ያልፍሻል፤ ካለበት ሳይንቀሳቀስ የሚተልቀው ወደ አንቺ እየመጣ ነው።

ዝንቡ ክንፍ አወጣ።

«ሐጂ ነስሩ፣ ሰላማዊት ነኝ፣ ከቆሼ በስተምዕራብ፣ ዘጠኝ ሺህ ጫማ፣ ፊት ለፊትዎ ነኝ፣ ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ ነው!»

«አየሁሽ፤ ወደ ቀኝ።»

ሦስት ቃል! የእናቴን ጤና አልጠየቁም! በግራዬ በኩል ርቀው አለፉ፣ ሰፊ ሰማይ በመካከላችን። ትንሽ አለቀስኩ፤ ራዲዮው ተዘግቶ ስለነበር ማንም አልሰማም።

ስንመለስ ደግሞ ዝቅ ያሉት እሳቸው ሆኑ። «ሐጂ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አልኩ። ምን እየሆኑ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «እሺ። እያረፍኩ ነው» አሉ። ሁለት ጊዜ ነጠሩና ቀጥ ብለው ሄዱ። እኔ ተከትዬ ሦስቴ ነጠርኩ። ካፒቴን «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሁለታችሁም» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ሐጂ እቅፍ አድርገው ትከሻዬን በትከሻቸው ሊሰብሩት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ፈታኟ ዝምተኛ ሴት ናቸው። አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ባለ ወረቀት ይጽፋሉ። ትክክል ስሠራም ይጽፋሉ፣ ስሳሳትም ይጽፋሉ፣ ሳስልም ጻፉ።

የታዘዝኩትን ሁሉ ጨርሼ ለማረፍ መጣሁ። ዝቅ ብያለሁ፣ ከማኮብኮቢያው ጋር ቀጥ ብያለሁ፣ ተናግሬያለሁ። በዚያው ሰዓት ካፒቴን ሐጂን ከፈተናቸው በፊት ሊያሟሙቁ ይዘዋቸው ወጥተው ነበር። የካፒቴን ድምፅ ራዲዮው ላይ መጣ።

«ሰላማዊት፣ እባክሽ እኛን አሳልፊን።»

ካፒቴን እባክሽ ብለውኝ አያውቁም። የፈታኟ ብዕር ቆመ። ገባኝ፤ ወጥመድ ነው። ትልቅ ሰው፣ አሰልጣኜ፣ በትህትና ሲለምነኝ ምን እንደማደርግ ሊያዩ ነው። ይግባኝም አይግባኝ ግን መላ ሰውነቴ «ይለፉ» ይላል። እጄ መሪውን ወደ እኔ ሊስብ ትንሽ ቀርቶታል። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ካፒቴን፣ ዝቅ ያልኩት እኔ ነኝ። እያረፍኩ ነው። ዞረው ይምጡ።»

ካፒቴን ዮሐንስን ዞረው ይምጡ! አሁን ስጽፈው እንኳ ያልበኛል።

ከዚያ የመጣው የሐጂ ድምፅ ነበር፦ «ሰምተናል። እየዞርን ነው። ውረጂ።»

ወረድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነጠርኩ። ሞተሩ ሲጠፋ ፈታኟ የዕለቱን የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ያቺን ንጥረት ብትተያት ጥሩ ነበር፤ አልፈሻል።»

መልስ ሳልሰጣቸው የእነ ካፒቴን አውሮፕላን አረፈ። ገና በደንብ ሳይቆም በሩ ተከፈተ። ካፒቴን ወርደው በእኔና በፈታኟ መካከል እየሮጡ አለፉ። ሰላም እንኳ አላሉም። ከመጋዘኑ ጀርባ ጠፉ። ወይኔ፣ በጣም ተቆጥተዋል ብዬ ደነገጥኩ።

«ሐጂ፣ ተናደው ነው?» አልኩ።

«የምን መናደድ! ከቡኢ ከተማ ጀምሮ ሽንት ይዟቸው ነው።»

«ፈተና አልነበረም?»

«የምን ፈተና? እግራቸውን አቆላልፈው ላብ በላብ ሆነው ነበር። እኔማ አዝኜላቸው "ታሳልፈን፣ እንደገና ልጠይቃት" ብያቸው ነበር። እሳቸው ናቸው ጥርሳቸውን ነክሰው "ልጅቷ ልክ ናት፣ ዙር" ያሉኝ።»

ካፒቴን ከብዙ ቆይታ በኋላ ፊታቸውን ታጥበው መጡ። ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ዞረው ይምጡ አልሽኝ።»

«አዎ፣ ካፒቴን።»

«ጥሩ አድርገሻል» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ዙሩ ግን እንዲህ ረጅም መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ሐጂም ከሰዓት በኋላ አለፉ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ እልልታዋ ጎረቤት አስወጣ። ካፒቴንን ያልኳቸውን ግን አልነገርኳትም፣ ለሌላ ቀን ይቆይ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጋር እያከራከረኝ ነው። ካፒቴን ምክንያቱን ቢነግሩኝ ኖሮ አሳልፋቸው ነበር? እውነቱን ልጻፍና ልገላገል፤ አዎ፣ ሳላመነታ። ከነፈታኟ እዚያው ዞሬ፣ ወድቄ፣ ዛሬ ሻንጣዬን ለወልቂጤ እያሰርኩ ነበር። እንኳንም አፈሩ።

አልፌያለሁ።